አሥራ ስምንት ሊትር አየር

አሥራ ስምንት ሊትር አየር በባሕር ወለል ከፍታ ላይ ቢመዘን 22 ግራም ገደማ ነው። የአንድ ጎልማሳ ሰው ቆዳ ስፋት በአማካይ 1.8 ካሬ ሜትር ስለሚሆን፣ ይኸው 18 ሊትር ሰውየውን ዙሪያውን በ1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ለመሸፈን ይበቃል። በረዶ ለመሆን ሁለትና ሦስት ዲግሪ በቀረው ውኃ ውስጥ ገብቶ፣ ቆይቶ፣ በሰላም የሚወጣ ጠላቂ ሕይወቱ የተንጠለጠለችው በዚህች 22 ግራም ላይ ነው። ከላይ የምናየው ልብስ፣ ዚፑ፣ የአንገቱ ላስቲክ፣ ወገቡ ላይ የታጠቀው እርሳስ፣ ሁሉም የሚሠሩት ይህች አየር ከቦታዋ እንዳትነቃነቅ፣ እንዳትጨፈለቅና እንዳትረጥብ ነው።

ነገሩን በጥቅሉ ከማውራት አንድ ቦታ ይዘን ብናየው ይሻላል። አይስላንድ ውስጥ፣ ቲንግቬትሊር በሚባለው ብሔራዊ ፓርክ፣ ሲልፍራ የተባለ ስንጥቅ አለ። የሰሜን አሜሪካና የዩሬዢያ የምድር ንጣፎች በዓመት 2 ሴንቲ ሜትር ያህል እየተራራቁ የከፈቱት ነው። ውኃው ላንግዮኩትል ከሚባለው የበረዶ ግግር ቀልጦ፣ በእሳተ ገሞራ ዓለት ውስጥ ለዐሥርት ዓመታት እየተጣራ፣ 50 ኪሎ ሜትር ያህል በመሬት ስር ተጉዞ ይመጣል። ከመጥራቱ የተነሳ ከ100 ሜትር በላይ አሻግሮ ያሳያል። ክረምት ከበጋ ሙቀቱ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ ከዚያ አያልፍም። (እኛም የዚህ ዓይነት ምድር ባለቤቶች ነን። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2005 አፋር ውስጥ ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ምድር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ተከፍቷል። ሲልፍራ በዓመት 2 ሴንቲ ሜትሯ ያን ያህል ለመከፈት 400 ዓመት ይፈጅባታል።)

ሲልፍራ የሚጠልቅ ሰው ድራይሱት መልበስ ግዴታው ነው። ድራይሱት ውኃ የማያስገባ ሙሉ ልብስ ነው። አንገትና የእጅ አንጓ ላይ በላስቲክ ወይም በሲሊኮን ይታሸጋል፤ ደረት ላይ ባለው ቫልቭ ከሲሊንደር ጋዝ ይገባበታል፣ ክንድ ላይ ባለው ሌላ ቫልቭ ይወጣል። ዛሬ ብዙዎች የሚለብሱት ዓይነት በሁለት የናይለን ጨርቆች መካከል ስስ ላስቲክ የተጣበቀበት ሲሆን፣ እሱ ራሱ አያሞቅም ማለት ይቻላል። ሥራው ውኃን መከልከል ብቻ ነው። የሚያሞቀው ከስሩ የሚለበሰው ነው። ገንዘቡን ሁሉ ላዩ ላይ አፍስሶ፣ ከስር ቤት ውስጥ ያገኘውን ሹራብና ሱሪ ደራርቦ የሚገባ ሰው ሳይ የምሰጋው ለዚህ ነው።

ስጋቴ ከየት እንደሚመጣ ቁጥሮቹ ይናገራሉ። ውኃ ሙቀት በማስተላለፍ ከረጋ አየር 23 እጥፍ ያህል ይበልጣል። ሙቀት በመዋጥ ደግሞ ንጽጽሩ ይብሳል፤ አንድ ሊትር ውኃን በ1 ዲግሪ ለማሞቅ የሚፈጀው ጉልበት አንድ ሊትር አየርን ለማሞቅ ከሚፈጀው 3,500 ጊዜ ያህል ነው። በሌላ በኩል ያለው ምድጃ ትንሽ ነው። በቀን 2,000 ኪሎ ካሎሪ የሚበላ ሰው ያን ምግብ ሁሉ ወደ ሙቀት ቢለውጠው በአማካይ 100 ዋት አይሞላም። ቀስ ብሎ የሚዋኝ ሰው ይህን ሁለትና ሦስት እጥፍ ያደርሰዋል።

አሁን ሁለቱን እናጋጥማቸው። ቆዳው 33 ዲግሪ፣ ውኃው 3 ዲግሪ፣ ልዩነቱ 30 ነው። በመካከላቸው 1 ሴንቲ ሜትር የረጋ አየር ቢኖር ከሰውየው የሚወጣው ሙቀት 140 ዋት አካባቢ ነው፤ የሚዋኝ ሰው ይችለዋል። አየሩ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢሆን 280 ዋት ይሆናል፤ ይህም ገና አያስደነግጥም። በዚያው 1 ሴንቲ ሜትር ቦታ ላይ አየሩ ወጥቶ ውኃ ቢተካስ? ከ3,200 ዋት በላይ። ይህን የሚያህል ሙቀት የሚያመነጭ ሰው የለም።

ጉድለቱ ከየት ይሞላል ቢሉ ከራሱ ከሰውነቱ ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በ1 ዲግሪ እንዲቀዘቅዝ 245 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ማጣት አለበት። ጤናማ የሰውነት ሙቀት 37 ዲግሪ ነው፤ ከ35 በታች ሲወርድ ሐኪሞች ሃይፖተርሚያ ይሉታል። እንግዲህ በጤንነትና በበሽታ መካከል ያለው ስንቅ 490 ኪሎ ጁል፣ ማለትም 117 ኪሎ ካሎሪ ነው። ከአንድ ቀን ምግብ አሥራ ሰባተኛው እጅ! ከሚያመነጨው በላይ 200 ዋት የሚያጣ ጠላቂ ይህን ስንቅ በ41 ደቂቃ ይጨርሰዋል። እርግጥ ሰውነት እኩል አይቀዘቅዝም፤ መጀመሪያ እጅና እግሩን አሳልፎ ሰጥቶ ልብና አንጎሉን ይከላከላል፣ ይንቀጠቀጣል፣ የቆዳውን የደም ሥሮች ያጠብባል። ነገር ግን ሒሳቡ ይህን ያህል ጠባብ መሆኑን አውቆ መግባት የማንም ጠላቂ ግዴታ ይመስለኛል። ታይታኒክ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1912 ስትሰጥም የባሕሩ ሙቀት ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ገደማ ነበር፤ ከሞቱት 1,500 ያህል ሰዎች ብዙዎቹ የሚያንሳፍፍ ጃኬት ለብሰው ነበር። የገደላቸው ብርዱ ነው።

ከዚህ ሒሳብ ያመለጠ አንድ ሰው አለ፤ እሱም የአይስላንድ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 11 ቀን 1984 ማታ ሄይማኤይ ከተባለችው ደሴት ወጣ ብሎ ሄሊሰይ የተባለች የዓሣ ማስገሪያ ጀልባ ተገለበጠች። ከአምስቱ ሠራተኞች የተረፈው ጉድላውጉር ፍሪድቶርሶን ብቻ ነበር። ከ5 እስከ 6 ዲግሪ በሆነ ውኃ ውስጥ አምስት ስድስት ሰዓት ዋኝቶ፣ በባዶ እግሩ የሾለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ረግጦ ሰው ቤት ደረሰ። ቁመቱ 193 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 125 ኪሎ ነበር። በኋላ የመረመሩት ሐኪሞች ከቆዳው ስር ያለው ስብ 14 ሚሊ ሜትር ያህል ሆኖ አገኙት፤ ከሌላው ሰው ሁለት ሦስት እጥፍ። ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ2012 ፊልም ሆኖ ተሠርቷል።

እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው ቁጥር ነው። ስብ ከውኃ ይሻል እንጂ ከአየር ጋር አይወዳደርም። ያን ሰው ያዳነው 14 ሚሊ ሜትር ስብ ሙቀት በመከልከል ረገድ 2 ሚሊ ሜትር ከማይሞላ የረጋ አየር ጋር እኩል ነው። ዕድሜ ልኩን ተሸክሞት የኖረውን መከላከያ ማንኛውም ሰው ከሱቅ በሚገዛው ደህና የስር ልብስ ብዙ እጥፍ ሊበልጠው ይችላል፤ አየሩን ጠብቆ መያዝ ካወቀበት። በሰሜን ፓስፊክ ዳርቻ የሚኖረው የባሕር ኦተር ያወቀበት ፍጡር ነው። እንደ ዓሣ ነባሪ የስብ ንጣፍ የለውም። ያለው ጸጉር ነው፤ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር እስከ 150,000። የሰው ልጅ በመላ ራሱ ላይ ያለው ጸጉር 100,000 ያህል ነው። ኦተሩ ቀኑን ሙሉ ጸጉሩን የሚያበጥረውና የሚያሻሸው አየር እንዲገባበት ነው፤ ጸጉሩ በዘይት ከተበከለና አየሩ ከወጣ በብርድ ይሞታል።

እኛ አገር ይህን ዕውቀት ሸማኔው ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ነጠላ ሁለት ድርብ ነው፣ ጋቢ አራት ድርብ። ጋቢ የሚያሞቀው በድርቦቹ መካከልና በፈትሉ ውስጥ በያዘው አየር ነው። ሆኖም ጋቢ ለብሶ ዝናብ የመታው ሰው ጥጥ ሲረጥብ ምን እንደሚሆን ያውቃል፤ ይከብዳል፣ ገላ ላይ ይለጠፋል፣ ከነጭራሹ ይበርዳል። የመንዝ እረኛ ከበግ ጸጉር የተሠራ ባና የሚደርበው ያለ ምክንያት አይደለም። ሱፍ ከክብደቱ አንድ ሦስተኛ ያህል እርጥበት በክሩ ውስጥ ውጦ ገና ደረቅ መስሎ ይዳሰሳል፤ ክሩ ጥምዝምዝ ስለሆነም ሲረጥብ እንደ ጥጥ አይተኛም። ስለዚህ የመጀመሪያው ምርጫ ላይ ክርክር የለኝም። ገላ ላይ ጥጥ አይለበስም፤ የጥጥ ካልሲም፣ የጥጥ ካናቴራም፣ የጥጥ የውስጥ ሱሪም ቢሆን።

ገላ ላይ የሚለበሰው ስስ መሆን አለበት። ሥራው ላብን ከቆዳ ማንሳት ነው እንጂ ማሞቅ አይደለም። ሜሪኖ ከሚባለው በግ የሚገኘው ሱፍ ክሩ ከ17 እስከ 19 ማይክሮን ቢሆን ነው፤ የሰው ጸጉር 70 ማይክሮን ገደማ ይሆናል። የማይኮሰኩሰው በመቅጠኑ ነው። ፖሊስተር በተቃራኒው ከክብደቱ 1 በመቶ እንኳ ውኃ አይውጥም፤ ላቡን በክሮቹ መካከል ወደ ውጭ ይስበዋል፣ ቶሎም ይደርቃል፤ ርካሽም ነው። ሁለቱም ይሠራሉ። እኔ ሱፉን እመርጣለሁ፤ ልብሱ በትንሽ ቀዳዳ ውኃ ቢያስገባ ሱፍ የለበሰ ሰው ጥቂት ተጨማሪ ደቂቃ ያገኛልና።

ላብ ስል ብዙ ሰው የሚያቃልለው ነገር ነው። ድራይሱት ውኃ እንደማያስገባ ሁሉ ውኃ አያስወጣም። አንድ ሰው ወፍራም የስር ልብስ ለብሶ፣ ዚፑን ዘግቶ፣ ከባድ ሲሊንደር ተሸክሞ ከመኪናው እስከ ውኃው ዳር ሲሄድ ግማሽ ሊትር ቢያልብ ያ ግማሽ ሊትር የትም አይሄድም። ጨርቁ ውስጥ ገብቶ ግማሽ ሊትር አየር ያባርራል፤ በአየሩ ፈንታም 23 እጥፍ ሙቀት የሚያስተላልፍ ነገር ይተካል። ልምድ ያላቸው ጠላቂዎች ዕቃቸውን ሁሉ አሰናድተው፣ ዚፑን መጨረሻ ላይ የሚዘጉት ለዚህ ነው።

ዋናው ጉዳይ ግን መካከለኛው ልብስ ነው፤ ገዢውም በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ገበያ ላይ ፍሊስ አለ፣ ቲንሱሌት አለ፣ በድርብርብ የተሰፋ ሌላም ሰው ሠራሽ ጥጥ አለ። መጠናቸው በካሬ ሜትር በግራም ይነገራል፤ 100፣ 200፣ 400። ሌላው መለኪያ ክሎ የሚባለው ነው። ክሎ እ.ኤ.አ. በ1941 አሜሪካ ውስጥ የተቀመጠ መለኪያ ሲሆን፣ 1 ክሎ አንድ ሰው 21 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሳይበርደው እንዲቆይ የሚያስፈልገው ልብስ ነው፤ ሙሉ ሱፍ ከነክራቫቱ እንደማለት። ወደ አየር ሲለወጥ 4 ሚሊ ሜትር ነው። ሙሉ ልብስ ለብሶ ቢሮ የተቀመጠ ሰው በ4 ሚሊ ሜትር የረጋ አየር ተከቦ ነው የተቀመጠው!

ችግሩ እነዚህ ቁጥሮች የሚለኩት ልብሱ ሳይጫነው መሆኑ ነው። ውኃ ውስጥ ግን ይጫነዋል፤ የሚጫንበትም መንገድ ብዙዎች እንደሚያስቡት አይደለም።

ሁሉም የሚያውቀው ጥልቀቱን ነው። በየ10 ሜትሩ አንድ አትሞስፌር ግፊት ይጨመራል፤ 30 ሜትር ላይ ግፊቱ 4 ነው። ጠላቂው ምንም ጋዝ ባይጨምር 18 ሊትሩ አየር 4 ሊትር ተኩል ይሆናል፣ 1 ሴንቲ ሜትሩም 2.5 ሚሊ ሜትር። ለዚህ መድኃኒቱ የደረቱ ቫልቭ ነው፤ ወደ ታች በወረዱ ቁጥር ጋዝ መጨመር። እዚህ ላይ ተፈጥሮ አንድ ትልቅ ውለታ ውላልናለች። አየሩ 30 ሜትር ላይ 4 እጥፍ ቢታመቅም ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ አይጨምርም፤ ባለበት ይቆያል። ሞለኪውሎቹ 4 እጥፍ ቢበዙም እርስ በርስ ሳይጋጩ የሚጓዙት ርቀት በዚያው ልክ ያጥራል፣ ሁለቱ ይጣፋሉ። ጄምስ ክላርክ ማክስዌል በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ጋዞች ባሰላው ውስጥ ይህን የመሰለውን ውጤት ሲያገኝ ለራሱም እንግዳ ሆኖበት ነበር። ውፍረቱን ከመለሱለት አየር ጥልቅ ቦታም እንደ ላይኛው ያሞቃል።

ያልታሰበው ግፊት ግን የጠላቂው የራሱ ቁመት የሚያመጣው ነው። በልብሱ ውስጥ ያለው ጋዝ ግፊቱ ከላይ እስከ ታች አንድ ነው፤ የውኃው ግፊት ግን ወደ ታች ይጨምራል። በደረቱ ተኝቶ የሚዋኝ ሰው ከጀርባው እስከ ሆዱ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ይህች 30 ሴንቲ ሜትር በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር 30 ግራም ትጭናለች። ለአንድ ካሬ ሜትር ቢሰላ 300 ኪሎ ነው! አየሩ ሸሽቶ ጀርባ ላይ ይሰበሰባል፤ ሆድና ጭን ላይ ያለው ጨርቅ ይጨፈለቃል። ሰውየው ቀጥ ብሎ ቢቆም ደግሞ ከትከሻው እስከ እግሩ 1.4 ሜትር ነውና እግሩ ላይ በካሬ ሴንቲ ሜትር 140 ግራም ያርፋል። እግር ቀድሞ የሚበርደው ደም ስለማይደርሰው ብቻ ሳይሆን፣ ካልሲው በዚያ ሸክም ስር አየር አልባ ጨርቅ ስለሚሆንም ነው።

ይህ ሁሉ የሆነው 2 ሜትር ጥልቀት ላይ ነው፤ ሲልፍራ ውስጥ ጠላቂዎች እስከተፈቀደላቸው 18 ሜትር መውረድ እንኳ አያስፈልግም።

እንግዲህ መስቀያ ላይ ለስላሳና ድልብ ሆኖ የሚታየው ፍሊስ የሚታለልበት ቦታ ይህ ነው። ለስላሳ የሆነው በቀላሉ ስለሚተኛ ነው፤ በቀላሉ የሚተኛ ጨርቅ ደግሞ ሆድ ላይ አየሩን ይለቃል። ቲንሱሌት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ስሪኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያወጣው ሲሆን፣ ክሩ 15 ማይክሮን ያህል ብቻ ነው። ክሩ ሲቀጥን በአንድ ሴንቲ ሜትር ውስጥ ብዙ ክር ይገባል፣ አየሩም በመካከሉ መንቀሳቀሻ ያጣል። ለጠላቂ ተብሎ የሚሠራው ዓይነት ጠንከር ያለና ግፊትን የሚቋቋም ስለሆነ እንደ ፍሊስ እጅ ላይ አይለሰልስም፤ ሲራመዱበትም ይንሿሿል። ብዙ ገዢ ትቶት የሚሄደው በዚህ ነው፤ በእኔ ግምት ግን መወሰድ የነበረበት እሱ ነው።

ሱቅ ውስጥ የሚሠራ ቀላል ፈተና አለ። የእጅ መዳፍ ስፋት ከነጣቱ 100 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይበልጣል፤ ለሒሳብ እንዲመች 10 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ደብተር ወይም እንጨት ጨርቁ ላይ ያስቀምጡ። በላዩ 3 ኪሎ ይጫኑበት፤ የሆድ ሸክም ማለት እሱ ነው። ከዚያ ከጎን ሆነው የቀረውን ውፍረት በማስመሪያ ይለኩ። ለካልሲው 14 ኪሎ ያስፈልጋል። ሳይጫነው 12 ሚሊ ሜትር የነበረ ጨርቅ ተጭኖ 3 ሚሊ ሜትር ሲቀርለት፣ 8 ሚሊ ሜትር የነበረው ደግሞ 5 ሲይዝ ካዩ የትኛውን እንደሚገዙ ሻጩን መጠየቅ አያስፈልግዎትም።

ታዲያ ለምን እጅግ ወፍራም አንለብስም? እዚህ እርሳሱ ይመጣል። አንድ ሊትር አየር በንጹሕ ውኃ ውስጥ አንድ ኪሎ ወደ ላይ ያነሳል። 18 ሊትር አየር የያዘ ልብስ 18 ኪሎ ያህል እርሳስ ይፈልጋል፤ 22 ግራሟን ለማስጠም 18 ኪሎ! ባሕር ውስጥ ጨው ስላለ ከዚህ ጥቂት ይበልጣል። እርሳሱ ወገብ ይቆርጣል፣ ያደክማል፣ የደከመም አየር ቶሎ ይጨርሳል። ልብሱ ሰፍቶ አየሩ በነፃነት ሲንቀሳቀስ ሌላ አደጋ አለ። ጠላቂው እግሩን ከፍ ሲያደርግ አየሩ በሙሉ ወደ እግሩ ይሮጥና ዘቅዝቆ ወደ ላይ ሊያስወነጭፈው ይችላል። ያን ጊዜ የመልቀቂያው ቫልቭ ክንድ ላይ ነውና አይረዳም። ስለዚህ የስር ልብስ ገላን ተከትሎ የተሰፋ፣ ጉልበትና ትከሻ ሲታጠፍ የማይስብ መሆን አለበት። የሚገዛ ሰው ሱቁ ውስጥ ለብሶት ይቀመጥ፣ እጁን ከራሱ በላይ ያንሳ፣ ጀርባው ላይ የሲሊንደሩ ቫልቭ የሚሆንበትን ቦታ ለመንካት ይሞክር።

ብዙ የሚወራለት አርጎን ነው። አርጎን ሙቀት በማስተላለፍ ከአየር በ30 በመቶ ያህል ያንሳል፤ ስለዚህ አንዳንዶች ልብሳቸውን በአርጎን ለመሙላት ብቻ ትንሽ ሲሊንደር ይጨምራሉ። ወረቀት ላይ ያማረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ የኖርዌይ ተመራማሪዎች ሙከራ ግን ጠላቂዎቹ የትኛውን ጋዝ እንደያዙ ሳያውቁ ሲለካ በአየርና በአርጎን መካከል ልዩነት አላገኘም። እኔ ያንን ገንዘብ ለካልሲና ለጓንት ባውለው እመርጣለሁ። ሂሊየም ግን በምንም መንገድ ልብስ ውስጥ መግባት የለበትም፤ ሙቀትን ከአየር 6 እጥፍ ያህል ያስተላልፋል።

የስር ልብስ የማይደርስበት ቦታም አለ። ጠላቂው በደቂቃ 20 ሊትር ቢተነፍስ፣ 30 ሜትር ላይ እያንዳንዱ ትንፋሽ 4 እጥፍ ክብደት አለው። 3 ዲግሪ ሆኖ የገባውን ጋዝ ለማሞቅ ብቻ 50 ዋት ያህል ይሄዳል፤ ላይ ቢሆን 13 ነበር። እጅም እንዲሁ ነው። የማኒቶባ ዩኒቨርሲቲው ጎርደን ጊዝብሬክት ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ለወደቀ ሰው ያወጡት ስሌት ታዋቂ ነው፤ ትንፋሽን ለመቆጣጠር 1 ደቂቃ፣ እጅና እግር የሚታዘዝበት 10 ደቂቃ፣ ራስን እስከመሳት 1 ሰዓት። የደነዘዘ ጣት ቫልቭ መጫን፣ መቆለፊያ መፍታት አይችልም። ደረቱ የሞቀው ጠላቂ እንኳ በጣቱ ምክንያት ሊጎዳ ይችላልና ከጓንቱ ስር ስስ የሱፍ ጓንት መኖሩን ከስር ልብሱ እኩል ያስብበት።

አንድ ጥናት ሳልጠቅስ አላልፍም፤ ስለ ብርድ ያለንን ግምት የቀየረ ነውና። የአሜሪካ ባሕር ኃይል የመጥለቅ ምርምር ክፍል ፍሎሪዳ ውስጥ ጠላቂዎችን 37 ሜትር ገደማ እያወረደ ሞከረ፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2007 ወጣ። አንዳንዶቹ ታች 36 ዲግሪ በሆነ ውኃ ሞቀው ሲወጡ 27 ዲግሪ በሆነ ውኃ በረዳቸው፤ ሌሎቹ በተገላቢጦሽ። ታች 30 ደቂቃ ብቻ ቆይተው ሞቀው ከሠሩባቸውና በርዷቸው ከወጡባቸው 32 የመጥለቅ ሙከራዎች በ7ቱ ከሰውነት ሳይወጣ የቀረ ናይትሮጅን የሚያመጣው ሕመም ተከሰተ፤ 22 በመቶ ነው። ታች በርዷቸው፣ ያውም 70 ደቂቃ ቆይተው፣ ሞቀው ከወጡባቸው 158 ውስጥ ግን በ2ቱ ብቻ፤ 1.3 በመቶ። የሞቀ ሥጋ ደም ይበዛበታልና ናይትሮጅን ይጠጣል፤ ሲቀዘቅዝ ደሙ ይሸሽና የጠጣውን መልሶ ማውጣት ያቅተዋል። ልብ ይበሉ፣ እዚያ ጥናት ላይ ብርድ የተባለው 27 ዲግሪ ነው። ሲልፍራ ከዚያ በ24 ዲግሪ ይቀዘቅዛል።

በባትሪ የሚሞቅ የስር ልብስ ለሚገዛ ሰው ይህ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው። ከመጀመሪያው አብርቶት ሥራ ላይ እያለ ሞቆ፣ ሲወጣ ባትሪው ካለቀበት በጥናቱ የታየውን መጥፎውን መንገድ በራሱ ላይ ሠራ ማለት ነው። ባትሪ ይኑር፤ ነገር ግን ያለ ባትሪውም ጠላቂውን ከውኃ የሚያወጣ ጨርቅ ከስሩ ይኑር፣ ማሞቂያውም ለመውጫው ይቆጠብ።

ይህን የምጽፈው ቀዝቃዛ ውኃ አጠገብ የሚኖር ብዙ ወገን ስላለን ጭምር ነው። በሲያትል ደጃፍ ያለው ፒዩጀት ሳውንድ በበጋም ቢሆን ከ13 ዲግሪ ብዙ አያልፍም፤ በኦስሎና በስቶክሆልም ያለው ባሕር አንዳንድ ክረምት በረዶ ይሆናል። ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ጋር ይህን ስፖርት እየጀመሩ ነው፤ ደግ አደረጉ፣ የሚያዩት ዓለም ትልቅ ነው። ወላጅ ሆነው ድራይሱት የሚገዙ ከሆነ ግን የላዩን ልብስ ዋጋ ከመጠየቅዎ በፊት ልጅዎ ከስሩ ምን እንደሚለብስ ይጠይቁ። ጥጥ ከሆነ አውልቀው ያስቀምጡ። ሱቅ ሲሄዱ ማስመሪያና ሦስት ኪሎ የሚመዝን ነገር ይዘው ይሂዱ። ልጁም ውኃ ውስጥ ሆኖ ጣቱ አልታዘዝ ካለው፣ ወይም መንቀጥቀጥ ከጀመረ፣ ሲሊንደሩ ገና ግማሽ ቢሆንም መጥለቁ ያን ጊዜ ማብቃት እንዳለበት ከመግባቱ በፊት ይንገሩት።